አናቱ ትኩስ፣ እግሩ በረዶ

«ማታ ማታ ትዘጋብኛለች፤ ጠዋት ደግሞ ቬይሰል ሳይነሳ ቀድማ ትከፍተዋለች። እኔ ምን አፍ አለኝ ልጄ፤ ዝም ብዬ ስንቀጠቀጥ ነው የማድረው።»

ጉልሱም ይህን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ድንች እየላጠች ነው። አማቷ እማማ ናጂዬ ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ክፍላቸው ሆነው ለበኩር ልጃቸው ለካዚም በስልክ እየነገሩት ነበር። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሌላውም ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ከላይም ከታችም ፎቅ ይደርሳል። ቢላዋው ድንቹን አልፎ ጉልሱም አውራ ጣት ውስጥ ገባ። አልጮኸችም። ደሙ በተላጠው ድንች ላይ ሲወርድ ቆማ አየችውና ድንቹን ሳታጥብ ድስቱ ውስጥ ወረወረችው። ይብሉት፣ አለች በልቧ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥጋዬን ሲበሉ ኖረው የለ፣ ደሜንም ይጨምሩበት።

ትዘጋዋለች የተባለው በእማማ ናጂዬ መስኮት ሥር የተተከለው፣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የክፍል ማሞቂያ ብረት፣ ራዲያተሩ ነው። በቱርኳ ከተማ ኤርዙሩም በዚያ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ይወርድ ነበር፤ የምራቅ ጠብታ መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚሆንበት፣ ሰው ለበሩ ውሻ እንኳ ካርቶን የሚያነጥፍበት ብርድ ነው። በዚህ ከተማ የባሏን እናት ማሞቂያ ትዘጋለች መባል ሰው ገደለች ከመባል ብዙ አይተናነስም። ጉልሱም ወሬው ከቤት መውጣቱን ካወቀች ወር ሆኗታል። ደረጃ ላይ ስታገኛቸው ሰላምታዋን እንደ ሙቅ ሳህን በጣታቸው ጫፍ ብቻ የሚቀበሏት ጎረቤቶች በዝተው ነበር። ከየት እንደመጣ ግን እስከዚያ አርብ ጠዋት ድረስ እርግጠኛ አልነበረችም። አሁን በጆሮዋ ሰማችው።

አማትየው ከመንደር የመጡት ባላቸው ሲሞቱ ነው። በአገሩ ወግ እናትን የሚጦረው ታናሹ ወንድ ልጅ ስለሆነ የጉልሱም ባል ቬይሰል ወሰዳቸው፤ ለክብራቸውም ሲል የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ለቀቀላቸው። ከቤቱ ሁሉ ሰፊው እሱ ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል፣ የጉልሱም የሰርግ ሸክላዎች የተደረደሩበት የመስታወት ቁም ሳጥንም እዚያ ነው። ነገር ግን ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር የተሰቀለው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ቧንቧው ሳሎኑን ዞሮ፣ መኝታ ቤቱን አልፎ፣ መጨረሻ የሚደርሰው ከዚያ የክብር ክፍል ነው። ወጥ ቤቱ ሰው እስኪያልበው ሲሞቅ ያኛው ክፍል ገና ለብ ይላል። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ለብ ማለቱንም ተወው።

ቬይሰል ረጅም ነው። ከስኳር ፋብሪካው ሲመለስ እንደቆመ እጁን በራዲያተሩ አናት ላይ ያሳርፍና «ይኸው ይፋጃል እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይላል። እማማ ናጂዬ ደግሞ እንደ መንደራቸው ወለል ላይ በምንጣፍና በትራስ ነው የሚቀመጡት፤ ጀርባቸውን የሚያስደግፉት በራዲያተሩ እግር ነው፣ እግሩ ደግሞ በረዶ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው መሃል ላይ ውሸታም ሆና የምትቀረው ጉልሱም ናት። ቬይሰል አየር ገብቶበት ነው ብሎ በየሁለት ቀኑ ካቻቢቴ ይዞ ይንበረከካል፤ ፊስ አድርጎ ውሃ ያስወጣል፣ ቦይለሩ ውሃ ሲጎድለው ከከተማው ቧንቧ አዲስ ይሞላበታል፣ ቦይለሩ ያንጎራጉራል፣ የጋዙ ሂሳብ ይጨምራል፣ የእናቱ ጀርባ ግን አይሞቅም። ባለሙያ ጠርተን ቧንቧውን በማሽን እናሳጥበው ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር። «ሌቦች ናቸው። ጥቁር ቀለም ከኪሳቸው አውጥተው ባልዲው ውስጥ ጠብ ያደርጉና ይኸውልሽ ቆሻሻሽ ይሉሻል። አንቺን የመሰለች ሞኝ ነው የሚፈልጉት።»

ሞኝ የተባለችው ሴት ግን ያን ጠዋት ቬይሰል ሥራ እንደወጣ ደውላ ባለሙያ አስመጣች። የሚከፈለው በእጇ ቆርጣ አድርቃ ከምትሸጠው የቤት ፓስታ ከተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ሰውየው ሲትኪ ይባላል፤ አጭር፣ ጣቶቹ በሙቅ ውሃ የተላላጡ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ ካልሲው መቀደዱን በሌላው እግሩ የሚሸፍን ሰው። አማትየው የራስ መሸፈኛቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ጥቁር መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሲትኪ ከሁሉ በፊት ያደረገው መንበርከክና መዳፉን ከታች ማሳረፍ ነው።

«ሰው ሲያተኩሰው ግንባሩን ትነኪያለሽ እህቴ» አለ። «ይሄን ግን እግሩን ነው የምትነኪው። ቦይለሩ ያጉረመርማል?»

«ሌሊት እንኳ አያስተኛንም።»

«ውሃ በስንት ጊዜ ትሞላላችሁ?»

«በየሁለት ቀኑ። ባለቤቴ ነው የሚሞላው።»

«ታዲያ በየሁለት ቀኑ ዝገት እየመገባችሁት ነዋ። የድሮው ውሃ ቢጠቁርም ከብረቱ ጋር ለምዷል፤ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ብረቱን እንደ አዲስ ይበላዋል።» ባዶ የመስታወት ብልቃጥ አስመጥቶ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈታ አደረገ። የወጣው ሬንጅ የመሰለ ነገር ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያነሳው ብርሃን አላሳለፈም። «ቁጭ ይበል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከላይ ውሃ፣ ከታች አተላ ይሆናል። ይሄ አተላ ነው ከታች ተኝቶ ሙቀቱን አላሳልፍ ያለው፤ ሌሎቹ ክፍሎች ያባረሩት ቆሻሻ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ነው የሚከማቸው። ለባልሽ አሳዪው።» ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እናቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ከታች በረዶ ነው። ማንም ግን አልዘጋብዎትም። መዝጊያው እንዲያውም ዝጎ አልዞር ብሎኛል፤ ዓመት ሙሉ ሰው አልነካውም።»

 እማማ ናጂዬ መቁጠሪያቸውን ገፉ። ማሽኑ ሌላ ቤት ስለነበር ሲትኪ አሥር ሰዓት ላይ ይዤው እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ጉልሱም ብልቃጡን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። አተላው ሲረጋ እያየች ቆማ ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማት፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ጠላቱን በገመድ አስሮ እንደያዘ ሰው። ዛሬ አርብ ነው። ቬይሰልና ካዚም ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ለምሳ ይመጣሉ። ሁሉም ባሉበት ብልቃጡን ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጠዋለች፤ ምንም አትናገርም።

ለዳቦ ስትወጣ ብርዱ በጥርሷ ገባ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች ከጣሪያ የተንጠለጠለውን የበረዶ ዘንግ በረጅም እንጨት እየመቱ ያወርዱ ነበር፤ የሰው ቁመት የሚያህል አንዱ ተገንጥሎ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ ወረደ። ባለመኪናው ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ከሻይ ቤቱ ሮጦ ወጣ፣ ሻዩን የሚያጣጥምበት የስኳር አንኳር ገና በጉንጩ ነው፣ አንዱን ሰውዬ አንቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈውና አፍንጫውን በቡጢ ሰበረው። ጓደኛው እንጨቱን አነሳ። ወረፋ ይዘው የነበሩት ሴቶች ዳቦአቸውን አቅፈው ቆመው ያያሉ፤ ማንም አልገላገለም። ጉልሱም አፍንጫው ከተሰበረው ሰው በረዶው ላይ የሚንጠባጠበውን ደም አየችና አለመደንገጧ አስደነገጣት። ልክ ነው፣ አለች፤ የሰበረ ይሰበር። ዳቦ ሻጩ መልስ ሲሰጣት ቀና ብሎ አላያትም፤ ከኋላዋ ያለችውን ሴት ግን ስለ ልጆቿ ጠየቃት።

ወንድማማቾቹ የመጡት ምግቡ ሲቀርብ ነው። ካዚም እንጨት ነጋዴ ነው፤ ሰፊ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የማይለይ፣ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግድግዳው የሚሰማው ሰው። ለጉልሱም ሰላምታ አልሰጣትም። በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ሄዶ ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ጀርባውን አስደገፈ። ወዲያው እንደተወጋ ሰው ቀና አለ። ብረቱን ከታች ወደ ላይ በመዳፉ ዳሰሰው። መዝጊያውን አየው።

«ክፍት ነው ጋሼ» አለ ቬይሰል በሩ ላይ ቆሞ። ጋሼ የሚለው ሕፃን ሳለ በነበረው ድምፅ ነው።

«አሁንማ ክፍት ነው። በመስኮት ስንመጣ አይታን ከፍታዋለች። ለዚያ እኮ ነው አናቱ ብቻ የሞቀው፤ ሙቀቱ ገና ወደ ታች አልደረሰም።»

ጉልሱም የድንች ወጡን ሳህን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይህን ሰማች። ዝግ ሆኖ ቢገኝ ዘጋችው፤ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ከፈተችው። የምትወጣበት ቀዳዳ አልተወላትም። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ባለሙያ አሳይቼዋለሁ። ከውስጡ የወጣውን በብልቃጥ ይዤዋለሁ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።»

ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ብልቃጥ የለም። ዕቃ ማድረቂያው ላይ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ያብረቀርቅ ነበር። ውሃው እንኳ ገና ከጠርዙ ይንጠባጠባል። ጉልሱም አነሳችው። ከዚያ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች፤ ሌላ ምን ይዛ ትመለስ።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውን ምን አደረጉት?»

«ምን ነበረበት?» አሉ እማማ ናጂዬ። «ቆሽሾ አገኘሁት፤ አጠብኩት። ሥራ ላግዝሽ ብዬ።»

«ባለሙያው ያለውን አልሰሙም? እዚሁ ተቀምጠው?»

አሮጊቷ ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ገፉ። የበኩር ልጃቸውን እንጂ እሷን አላዩም። «ሰውየውስ መጥቶ ነበር» አሉ በቀስታ። «ባሏ ከወጣ በኋላ።»

 ካዚም ተነሳ። ጉልሱምን አልነካም፤ የወንድም ሚስት አትመታም። ቬይሰልን ነው በጥፊ ያጮለው፣ በሰፊው መዳፉ፣ የአርባ አራት ዓመቱን ሰው እንደ ልጅ። «ሰማህ? እናትህን በብርድ እየገደለች፣ አንተ ስትወጣ ወንድ እያስገባች፣ አንተ ቆመህ ክፍት ነው ትለኛለህ?» ሁለተኛው ምት ደረቱ ላይ አረፈ። ቬይሰል በጀርባው ቁም ሳጥኑ ላይ ሄደ፤ መስታወቱ ረገፈ፣ ሸክላዎቹ ተከታትለው ወረዱ፣ አንድ የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ብቻ እየተንከባለለ ሳይሰበር እስከ በሩ መጣ። ቬይሰል ከስብርባሪው መሃል ሲነሳ ጆሮው እየደማ ነበር። ወንድሙን ቀና ብሎ ለማየት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ስለዚህ ወደሚሆንለት ዞረ። በቡጢ ነው አፏን የመታት። ጉልሱም ግድግዳው ይዟት እንጂ ትወድቅ ነበር፤ ጎኗን ሲደግማት ወደቀች። የደሟ ጣዕም ብረት ብረት አለ። ከወለሉ ሆና የታያት የአማቷ እጅ ነው፤ ፍሬዎቹን መግፋት አቁሞ ነበር፣ ግን ተው የሚል ቃል ከእሳቸው አልወጣም።

«ልብሷን ትሰብስብ» አለ ካዚም። «ዛሬውኑ ሆራሳን፣ ወደመጣችበት። አለዚያ ወንድም የለህም።»

«ሰብስቢ» አለ ቬይሰል። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው።

ጉልሱም ተነሳች። ሆራሳን አባቷ የሉም፤ በር የምትከፍትላት የወንድሟ ሚስት ናት። በአርባ አንድ ዓመቷ ሁለት ስም ይዛ እዚያ ደጅ ትቆማለች፤ አማቷን በብርድ ልትገድል የነበረች፣ ባሏ ሲወጣ ወንድ የምታስገባ። ኢዝሚር የምትማረው ልጇ ነገ ትሰማዋለች፣ ከእናቷ ሳይሆን ከአጎቷ። መኝታ ቤቱን አልፋ ሰገነቱ ላይ ወዳለው የቬይሰል ዕቃ ሳጥን ሄደችና የክንድ ርዝመት ያለውን ትልቁን መፍቻ አነሳች። በረዶ የነካው ብረት መዳፏን ያዛት። እውነቱን ለመናገር ኮሪደሩን ስትመለስ ሐሳቧ የካዚም ጭንቅላት ነበር፤ የት ላይ እንደምታሳርፈው ሁሉ መርጣለች። ወንዶቹም ገባቸው፣ ወደኋላ ሸሹ። ካዚም እጁን ፊቱ ላይ አነሳ፣ የዚያን ጊዜ አንገት የሌለው ትልቅ ሰው ሆኖ እንዴት እንደሚፈራ አየች። አልፋው ሄደች። አማቷ አጠገብ ተንበርክካ መፍቻውን ከራዲያተሩ እግር ባለው መድፈኛ ብሎን ላይ አስገባችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። አንዴ ጮኸ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ በሦስተኛው ተፈንጥሮ ወጣ።

የወጣው ውሃ አልነበረም። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ጭቃ ነው፤ እንደታሰረ እንስሳ ተወርውሮ መጀመሪያ የጉልሱምን ጡት፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ የእማማ ናጂዬን ምንጣፍና የካዚምን ነጭ የሱፍ ካልሲ መታ። የዝገት ሽታው አፍ ውስጥ ይገባል። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነስተው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ካዚም እየተሳደበ ዘሎ ቀዳዳውን በመዳፉ ደፈነ። ጭቃው አልቆ ከኋላው የሚፈላው ውሃ የመጣው ያኔ ነው። ጩኸቱ የታችኛውን ፎቅ በር አስከፈተ። ቬይሰል ወደ ወጥ ቤት ሮጦ ቦይለሩን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፤ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም በጥቁር ኩሬ ላይ ቆመው ነበር።

ጉልሱም ከጭቃው በእፍኟ ዛቀችና የባሏ ደረት ላይ ለጠፈችው፣ በነጩ የአርብ ሸሚዙ ላይ።

«የቱ ሌባ ነው ይሄን ቀለም ከኪሱ ያወጣው?» አለችው። ከንፈሯ አብጦ ቃሉ ተበላሸባት፤ ሁሉም ግን ሰሙት።

ቬይሰል የሸሚዙን ጭቃ በጣቱ ነካው። «እኔ አናቱን ነበር የምነካው» አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር፣ የሚችለው ያን ያህል ነው።  ጉልሱም ማሸነፏን ታውቃለች፤ ሆራሳን መሄድ ቀርቷል፣ ይህን የካዚም ፊት ይናገራል። ግን ስትተነፍስ ጎኗን ይወጋታል፣ ከማሸነፍም የምትጠብቀው እንዲህ አልነበረም።

ምንጣፉን ከውሃው ለማዳን ስትጎትት ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቅል አገኘች። በአልጋ ልብስ የታሰረ ነው፤ የመስገጃው ምንጣፍ ጫፍ፣ የመድኃኒት ከረጢት፣ የሟቹ ባል ፎቶ ፍሬም ይታያል። የዛሬ እንጂ የዱሮ ጥቅል አይደለም፣ ቋጠሮው ገና ጥብቅ ነው። ቀና ስትል እማማ ናጂዬ ከጭቃው መሃል ቆመው ወፍራሙን ካፖርታቸውን ለብሰው ቁልፉን እስከ አንገታቸው እየቆለፉ ነበር። ፊታቸው ላይ ጉልሱም በዚህ ቤት አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ ልጅ ወደ ሰርግ ቤት ሲወስዱት የሚሆነውን ሆነዋል።

«እንግዲህ እዚህ እንዴት ይታደራል ልጄ» አሉት ካዚምን። «ካንተ ጋር እሄዳለሁ። ዕቃዬ ትንሽ ናት፣ አዘጋጅቻታለሁ።»

ካዚም የተቃጠለውን እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ነበር። ወደ ጥቅሉ አየ፣ ወደ በሩ አየ። ጉልሱም ያኔ ገባት፣ ሁሉም በአንዴ። የስልኩ ወሬ፣ ብርዱ፣ የታጠበው ብልቃጥ፤ አሮጊቷ ከኅዳር ጀምሮ «ነይ እኔ ጋ» የምትል አንዲት ቃል ከዚህ ሰው አፍ እስክትወጣ ነው የጠበቁት። እሱ ደግሞ ወንድሙን ሊደበድብ፣ ቁም ሳጥን ሊሰብር፣ ሴት ከቤቷ ሊያስወጣ ዝግጁ ነበር፣ ያቺን ቃል ብቻ ላለመናገር።

«ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው እማዬ» አለ ካዚም። «ሽታው ላንቺ አይሆንም። ሴቪምም ራሷን ያማታል፣ ታውቂያት የለ ሚስቴን። ቬይሰል ያስጠግነዋል፤ አሁን እኮ ታወቀ ችግሩ።» ደረጃውን ሲወርድ የተቃጠለውን እጁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ በተከመረው በረዶ ውስጥ እየነከረ ነበር።

ሲትኪ በቀጠሮው አሥር ሰዓት ላይ ማሽኑን ተሸክሞ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን፣ የተሰበረውን መስታወት፣ የጉልሱምን ከንፈርና የቬይሰልን ሸሚዝ አየ። «ቸኩላችኋል» አለ ብቻ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሥራ ጀመረ። የተፈነጠረውን ብሎን መልሶ አሥሮ ቱቦዎቹን ከቦይለሩ ጋር አገናኘና ዝገት የሚያሟሟውን መድኃኒት አስገባ፤ ማሽኑ ውሃውን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እየገፋ ራዲያተሮቹን ያናውጣቸው ነበር፣ ሲትኪም በጎማ መዶሻ እየዞረ ይደበድባቸዋል። ቤቱ አራት ሰዓት ያህል ሲመታ ቆየ። ቬይሰል ባልዲ እየተሸከመ ጥቁሩን ውሃ መጸዳጃ ቤት ይደፋል፣ ይመለሳል፣ ይደፋል፤ በተመላለሰ ቁጥር ሚስቱን በጎን ያያታል። በረዶ በላስቲክ ቋጥሮ ለከንፈሯ አምጥቶላት ነበር፤ ጉልሱም ተቀብላ ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው። ውሃው ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ሻይ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ወደ ንጹሕ ውሃ ተለወጠ። እማማ ናጂዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ፍራሹ ረጥቦ ከወጣ በኋላ በቀረው የአልጋቸው እንጨት ላይ ተቀምጠዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲትኪ ማሽኑን ነቅሎ ቦይለሩን አስነሳ። ቦይለሩ አላንጎራጎረም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጨረሻው ክፍል ገብቶ የራዲያተሩን እግር ነካና እጁን ፈጥኖ አነሳ፤ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው።

«እናቴ፣ ይምጡ እስቲ፣ ከታች ያሳርፉ እጅዎን።»

እማማ ናጂዬ ተነሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ መዳፋቸውን ከታች አሳረፉ። «ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ሲትኪ ሳቀ። አሮጊቷ አልሳቁም። መዳፋቸውን አላነሱም። ጣቶቻቸው ቀሉ፣ የአገጫቸው ቆዳ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አሁንም አላነሱም። ጉልሱም ዘላ የእጃቸውን አንጓ ያዘች፤ አሮጊቷ ማንም ያላሰበው ኃይል ነበራቸው፣ ብረቱን የሙጥኝ አሉ፣ በሌላ እጃቸው የጉልሱምን ፊት ቧጨሩ። ሁለቱ ሴቶች ድምፅ ሳያወጡ ታገሉ። ጉልሱም በመጨረሻ ስትገነጥላቸው አብረው ወለሉ ላይ ወደቁ። መዳፋቸው ላይ ቆዳው ነጭ ሆኖ አብጦ ነበር።

«ለካዚም ደውዪለት» አሉ እማማ ናጂዬ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «አሁንም በረዶ ነው በዪው።»

ጉልሱም ትጠላቸዋለች። ያን ቀን ስማቸውን በልቧ ያልሰደበችበት ሰዓት አልነበረም፤ ከአፏ የፈሰሰው ደም፣ የተሰበሩት ሸክላዎች ሁሉ ከእሳቸው ምላስ የመጡ ናቸው። ጥላቻው አሁንም አለ፣ አልቀነሰም። ግን ከጎኑ ሌላ ነገር ተነስቷል፣ ስሙን ልታውቀው አልፈለገችም። ስልኩን አነሳች። አማቷ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጋ ወለሉ ላይ በመሃላቸው አስቀመጠችው። ስልኩ ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ ካዚም አነሳው፣ ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ምን ፈለግሽ?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት ጋሼ» አለች ጉልሱም። ቬይሰል ባልዲውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። «ልክ ነዎት። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ እዘጋባቸዋለሁ። ዛሬም እዘጋለሁ፣ ነገም እዘጋለሁ። እናትዎ እዚህ ካደሩ በብርድ ይሞታሉ። ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መኪናዎን ይዘው ይምጡና ይውሰዷቸው።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ማነው ብላ ስትጠይቅ ተሰማ። ካዚም ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቬይሰል ሌላ ብርድ ልብስ ይደርብላት» አለና ስልኩን ዘጋው።

 እማማ ናጂዬ ባልተቃጠለው እጃቸው የካፖርታቸውን ቁልፎች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ መፍታት ያዙ።